ፍቅር እስከ መቃብርን አንብባችኋል ወይስ ሰምታችኋል? የነሐሴ ንባቤና ያስነሳው ጭቅጭቅ

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በነሐሴ ያነበብኩትን ልጽፍ፣ ለመስከረም ደግሞ ምን ይሻለኛል ብዬ ልጠይቅ። ጥያቄዬን የመለሰልኝ ሰው ጥቂት ነው። የቀረው አንዲት ዐረፍተ ነገሬ ላይ ተረባረበ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲመቻችሁ ምላሾቹን በየቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። አነጋገሩ የእኔ ነው፣ ሐሳቡ የየባለቤቱ። ስድቦቹን ዘልያቸዋለሁ። ደህና ስድብ ቢገኝባቸው ኖሮ አልዘላቸውም ነበር።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው።

ክረምት ለእኔ የንባብ ወቅት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ውጪው ጭቃ ነው። ዘንድሮ ነሐሴን በሦስት የድሮ መጻሕፍት ነው ያሳለፍኩት። ፍቅር እስከ መቃብርን ጨረስኩ። ጦቢያን ጨረስኩ፤ እሱ እንኳ ቀጭን ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ላይ ግን ቆሜያለሁ። መሃሉ ላይ ምልክት አድርጌ ትራስጌ አስቀምጬዋለሁ፣ እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ደግሞ ስልኬን አያለሁ።

ጦቢያ በ1900 ዓ.ም. ሮም ነው የታተመው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን ለፈተና ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ገልጦ ያየው ግን ስንቱ ነው? ከፍቅር እስከ መቃብር ጎን ለጎን ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። የሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌልም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ትጠፋለች። በሁለቱ መካከል 58 ዓመት አለ፣ አሁንም ሴት ልጅ ከቤት ለመውጣት መጀመሪያ ራሷን መደበቅ አለባት። ይህን የጻፈ ሰው ካለ ጠቁሙኝ።

አሁን ደግሞ የማትወዱልኝን ልናገር። ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቤዋለሁ ከሚለው ሰው አብዛኛው የሰማው ነው እንጂ ያነበበው አይደለም። እንደ ሁላችሁም እኔም ያደግኩት መጽሐፉን በሬዲዮ በተረከው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። በዓይኔ ስገባበት ግን ሌላ መጽሐፍ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ደራሲው በሚጠብቁ ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። አንባቢው ላጥብቅ ወይስ ላላላ ብሎ እንዳይቸገር ነው። የአማርኛ ፊደል እንዲሻሻል ይከራከሩ ስለነበር፣ ክርክራቸውን በገዛ ልብ ወለዳቸው ገጽ ላይ አሳዩ። ይህን ነጥብ ጆሮ አያየውም።

ጥያቄዬ ይኸውና። ለመስከረም የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ይሻለኛል ወይስ የአዳም ረታ ግራጫ ቃጭሎች? አደፍርስንስ ልግፋበት ወይስ ልተወው?

ከዚህ በኋላ የመጣው ይህ ነው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰህ ብሎ ጀመረ። የሱ ምርጫ ግራጫ ቃጭሎች ነው። አዳም ረታን ግን በጥድፊያ እንዳላነበው አስጠነቀቀኝ፤ ገጹ ላይ ያለች ትንሽ ነገር፣ አንዲት ሽታ ወይም የአንድ ሰፈር ስም፣ ከብዙ ገጽ በኋላ ተመልሳ ስለምትመጣ የዘለለ ሰው ይጠፋበታል ነው የሚለው። ጦቢያን ከየት እንዳገኘሁም ጠየቀ። ብሔራዊ አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው ብዬዋለሁ።

2. ነጥቡን አይታዋለች። የአባቷ ቅጂ ላይ አለ። ልጅ ሆና የማተሚያ ቤት ቀለም የተንጠባጠበ መስሏት አንድ ሙሉ ገጽ በጥፍሯ ስትፍቅ ነበር። አባቷ እስካሁን ገጹን የቧጠጠው ወንድሟ ነው የሚመስላቸው።

3. እዚህ ላይ ነው እሳት የተነሳው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ አነጋገራቸው ይህን ያሳብቃል። በዚህ አገር ዕውቀት የገባው በጆሮ መሆኑን አስታወሱኝ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ የሚቀበለው በጆሮው ነው፣ ዳዊት የሚደገመው በቃል ነው፣ ታዲያ የሰማ ሰው አላነበበም ብሎ የሚፈርደው ማነው አሉ። ወጋየሁ ባይተርከው ኖሮ ያን ወፍራም መጽሐፍ የገጠሩ ሰው ከየት ያውቀው ነበር? ይህን የመሰለ ንግግር የከተማ ልጅ ጉራ መሆኑንም ጨመሩበት። ጉራ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፈውታል።

4. ከመምህሩ ጋር ተስማማች። አያቷ ደብረ ማርቆስ ነበሩ፣ ፊደል አልቆጠሩም። የትረካው ሰዓት ሲደርስ ቡናው ይቆማል፣ ልጅ አያለቅስም። የልጅ ልጆቹ በኋላ መጽሐፉን ትምህርት ቤት አንብበው ሲመጡ ማን ምን እንዳለ የሚያርሟቸው አያትየው ነበሩ። መጽሐፉ ውስጥ የዘመኑን ሥርዓት የሚተቸውን ጉዱ ካሣን የሚጠሩት እንደ ዘመድ ነው፤ ያ ልጅ ያለው ልክ ነበር፣ አልሰሙትም እያሉ።

5. ይህ የእኔ ነው። መስማት መጥፎ ነው አላልኩም፤ የተለየ ነገር ነው ያልኩት። ሬዲዮ ፍጥነቱን ይመርጥልሃል። ቆም ብለህ አንድ ገጽ ወደ ኋላ አትመለስም። ተራኪው ድምፁን ሲቀይር ማንን እንደምትወድና ማንን እንደምትጠላ አብሮ ወስኖልሃል። በወጋየሁ ድምፅ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ያስቁኛል፤ በወረቀት ላይ ግን ያስፈሩኛል። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት የተነሱበትን ክፍል ልጅ ሆኜ ስሰማው የጀብዱ ታሪክ ነበር። አሁን ቀስ ብዬ ሳነበው ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ መሰለኝ፣ ፍቅሩ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ የት ደረሱ እያለ የሚጠብቅ ጆሮ የጉዱ ካሣን ረጅም ንግግር ትዕግሥት አጥቶ ነው የሚያሳልፈው። ዓይን ግን ይመለስበታል።

6. በመጨረሻ የአደፍርስ ሰው መጣ። ሥነ ጽሑፍ ተምሯል፣ ግን አይኮራም። ምክሩ ታሪኩን መፈለግ እንዳቆም ነው። አደፍርስ በ1962 ዓ.ም. ሲወጣም አንባቢ የተቸገረው ድርጊት እየጠበቀ ስለነበር ነው ይላል፤ መጽሐፉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ንግግሩ ራሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የወረደው ልጅ ከሁሉም ጋር ይከራከራል፣ ወይዘሮ አሰጋሽ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ቄሱ የራሳቸው። ማን እንደሚናገር ካልታወቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነበው መከረኝ። በዓይን ብቻ ካልሆነ ብዬ ለተሟገትኩ ሰው መድኃኒቱ ጆሮ ሆኖ መጣ። መምህሩ ይህችን ሳይወዷት አልቀሩም። ዳኛቸው ወርቁ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የሚል ልብ ወለድ ማሳተማቸውንም አስታውሶ፣ አደፍርስ ከከበደኝ በዚያ በኩል እንድገባ ሐሳብ አቀረበ።

7. አደፍርስን ጀምሮ፣ ትቶ፣ ሸጦታል። አይቆጨውም። መልሱ ይኸው ብቻ ነው።

8. የቴሌግራም ቻናል ሊንክ አስቀመጠ። ሦስቱም መጻሕፍት፣ ኦሮማይም፣ የአዳም ረታም፣ ሁሉም በፒዲኤፍ በነጻ አሉ፣ ለምን ገንዘብህን ታባክናለህ ነው ነገሩ። ሊንኩን አንስቼዋለሁ።

9. ስምንተኛውን ሊበላው የደረሰ መጽሐፍ አዟሪ ነው። ከቦሌ መገናኛ በእግሩ ይመላለሳል። ያለማጋነን የጻፈው ስለሆነ ይህን ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው። መጽሐፉን ከክንዱ እስከ አገጩ ይደረድራል፣ ጀርባቸው ወደ ሰው ዞሮ፣ ርዕሱ እንዲነበብ። ክረምት ከላይ ላስቲክ ይጣልበታል። ላስቲኩ ሲወርድ ሰው ርዕሱን ማየት አይችልም፣ ሲገለጥ ደግሞ ዝናቡ ይገባል፤ አንዱ ከራሰ የዕለቱ ትርፍ አለቀ። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ይጠራዋል፣ መጽሐፉን ያገላብጣል፣ ሽፋኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይመልሳል። ለምን ፎቶ እንዳነሳው አዟሪው ያውቃል። ማታ ቴሌግራም ላይ ሊፈልገው ነው። ስምንተኛው ለዚህ ያለው መልስ ሳቅ ብቻ ነበር፣ ከሱ በኋላ ያለውን ልውውጥ ዘልያለሁ።

10. ሕግ የተማረ ሰው ገባ፣ ወሬውንም ቀዝቀዝ አደረገው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው፣ ስለዚህ ፍቅር እስከ መቃብር ገና ብዙ ይቀረዋል። አፈወርቅ ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በግዞት ጅማ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ጦቢያን ማንም እንደልቡ ማባዛት ይችላል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጣለ። በዓሉ ግርማ የካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የሞተበት ቀን ያልታወቀ ሰው 50 ዓመቱ ከየት ይቆጠራል? ክሩ ውስጥ ካለው ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፣ የመለሰ ግን የለም። ሰው ወደ ፒዲኤፉ ጭቅጭቅ ተመለሰ።

11. ለስምንተኛው የተከራከረ የገጠር አስተማሪ ነው። ያለበት ወረዳ መጽሐፍ መደብር የለውም። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያለው የተቀደደ የሒሳብ መማሪያና የድሮ መጽሔት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ብሔራዊ ሄደህ ግዛ፣ አብርሆት ገብተህ አንብብ ማለት ይቀለዋል። በስልክ የሚነበብ ሕጋዊ ቅጂ ቢኖር በቴሌብር ከፍሎ እንደሚወስድ፣ ደጋግሞ እንደፈለገና ማግኘት የቻለው ጥቂት እንደሆነ ጻፈ። አዟሪው ለዚህኛው ሰው ቁጣውን አበረደ። መጽሐፍ በአውቶቡስ የሚልክበት መንገድ እንዳለ ነግሮት ስለ ማጓጓዣው ዋጋ ሁለቱ ብቻቸውን ረጅም ተነጋገሩ፣ እሱን እናልፈዋለን።

12. ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ከሁሉም ምላሽ የበለጠ የተወደደው የሷ ነው። ማታ ልብስ የምትተኩስበት ሰዓት አለ። ያኔ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ታደርጋለች፣ ከሻሹ ስር፤ ሌላው ጆሮ ማዳም ብትጣራ ለመስማት ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቀውም። ተራኪው የት ትንፋሽ እንደሚወስድ ታውቃለች፤ በዛብህ ቆስሎ የወደቀበት ላይ ስትደርስ ካውያውን ታስቀምጣለች፣ ልብስ ስላቃጠለች። ቀጥላ አምስተኛው ላይ ያልኩትን አነሳች። ወደ ኋላ አትመለስም ያልኩት ለድሮው ሬዲዮ እንደሆነ፣ ስልክ ላይ ግን በጣት አንድ ጊዜ ተነክቶ እንደሚመለስ፣ የጉዱ ካሣን ንግግርም ስንት ጊዜ እየመለሰች እንደሰማችው ጻፈች። ይህን የመለሰላት ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ብዙ ሰው አይዞሽ ብሎ ጽፎላታል። እሷ ግን አይዞሽ አልጠየቀችም፣ የጠየቀችው የአደፍርስ ትረካ የት እንደሚገኝ ነው።

13. ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አባት ነው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ማንበብ ግን አይችልም። ኦሮማይ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ገዛለት፣ አባት በአማርኛ ልጅ በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያዙት። ልጁን የገረመው የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር አይደለም። አንድ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በሥልጣን ላይ እያለ፣ ስለ ራሱ መንግሥት የኤርትራ ዘመቻ እንዲህ ጽፎ ማሳተሙ ነው የገረመው። ምን አስቦ ነው ብሎ ጠይቆት አባት መልስ አጣ። ስለዚህ መስከረምን በኦሮማይ እንድጀምር ነው ድምፁ።

14. ይቺ ደግሞ ሹል ናት። ኦሮማይ የሚወደሰው ደራሲው ስለጠፋ ነው፣ መጽሐፉን ከደራሲው ዕጣ ለይታችሁ አንብቡት እስቲ ብላ መጣች። በእሷ ሚዛን የዚያው ደራሲ «ከአድማስ ባሻገር» በአጻጻፍ ይበልጠዋል። ኦሮማይ ውስጥ አሥመራ በመኪናና በሆቴል መስኮት የታየች ከተማ ናት፣ ሴቶቹም ቆንጆ ከመሆን ሌላ ሥራ የላቸውም ትላለች። ስለ ሴቶቹ ያለችው እውነት አለው። ስለ አሥመራው አልስማማም፣ ታሪኩን የሚተርከው ጋዜጠኛ ለዘመቻ የመጣ እንግዳ ነው፣ ከተማዋን በእንግዳ ዓይን ቢያያት ምን ይገርማል?

15. ለአሥራ አራተኛዋ የመለሱላት በ1975 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበሩ አባት ናቸው። መጽሐፉ በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ። እሳቸው ጋ የደረሰው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። የተሰጣቸው ለአንድ ሌሊት ነበር፣ ጠዋት የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ያን ያህል ቸኩለው አንብበው የፍቅሩ ታሪክ ጭራሽ አልገባቸውም ነበር። ዓይናቸው የሚያሳድደው ይህኛው ባለሥልጣን በእውን ማነው የሚለውን ነበር፤ ቢሮ ውስጥም ሹክሹክታው እሱው ነው። እንደ ልብ ወለድ ያነበቡት ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። መጽሐፍን ከጊዜው ለይቶ ማንበብ ለሷ ትውልድ የሚቻል ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ ለእሳቸው ግን እንዳልተቻላቸው በትሕትና ጻፉላት። እሷም አንቱ ብላ መለሰችላቸው። ክሩ ውስጥ ሰው ሰውን ያከበረበት ቦታ ይህ ነው።

16. የሁለቱን ወገን ጭቅጭቅ ሲያነብ የቆየ ሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ ጠቆመ፦ መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማን በቴፕ እየቀረጹ፣ የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ ያመጡበት ነው፣ በ1959 ዓ.ም. የታተመ። ስለ ቅኔ ቤት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ጎንደርና ስለ ሸዋ ሰው ሽማግሌው እንዳወሩት ተቀምጧል። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ወሬ ይጀምራል፣ ይቋረጣል፣ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጆሮ ነው ዓይን ነው እያላችሁ ከምትደባደቡ በመጀመሪያ ይህን አንብቡ አለ፤ አንባቢው ሲናገሩት የሰማ እንዲመስለው የተጻፈ መጽሐፍ ነውና።

17. ጊዜ የለኝም ለሚሉት የተወረወረ ድንጋይ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን የአሜሪካ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፣ እናንተ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ወረቀቱ ደከመን ትላላችሁ ብሎ ወጣ። ማንን እንደሚል አልገባንም። ጊዜ የለኝም ያለ ሰው አልነበረም።

18. መምህሩ ተመለሱ። ቅጂያቸውን ከሳጥን አውጥተው ነጥቦቹን ፈልገው አግኝተዋል። የመጀመሪያውን ክፍል፣ የበዛብህን ወላጆች የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን፣ እንደገና አንብበውታል። ግን አልተሸነፉም። ሲያነቡት ጆሯቸው ላይ ያለው የወጋየሁ ድምፅ እንደሆነ፣ ፊታውራሪ መሸሻም በወረቀት ይበልጥ እንደሚያስቁ፣ የፈራሁት እኔ ስለምፈራ እንደሆነ አስታወቁ። ጉራ የሚለውን ቃል ዘንድሮ አልደገሙትም፣ አዲስ ዓመት ስለሆነ ይሆናል።

19. እኔ ነኝ። ውሳኔዬን ላሳውቅ። መስከረም የሚጀመረው በአለቃ ለማ ነው። አደፍርስን በስድስተኛው ምክር ድምፄን ከፍ አድርጌ ልሞክረው ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ኦሮማይ ከመስቀል በኋላ። በሱ ላይ አሥራ አራተኛዋና አዛውንቱ አብረውኝ ለማንበብ ተስማምተዋል፣ የአሥመራውን ነገር እዚያ እንጨርሰዋለን። ግራጫ ቃጭሎች ለጥቅምት ይቆየኝ፣ በጥድፊያ አይነበብም ስለተባልኩ። የትምህርት ቤት ክፍያና ደብተር ኪሴን ስላጠቡት የምገዛው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ከዘጠነኛው አዟሪ። ለሪያዷ እህት የአደፍርስ ትረካ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ እዚሁ ይጻፍላት።

20. ከላይ ምንም ሳያነብ የገባ ሰው አደፍርስን አውሰኝ አለ። መጽሐፍ አላውስም።